ድኃ ላሙን ጥሎ አይሸሽም

ገበሬ ወገኖቼ! አዋሽ ሲሞላ፣ የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ሲተኛ ምን እንደሚደርስ ለእናንተ አይነገርም። ውሃው ከወንዝ ሳይሆን ከባሕር ቢመጣስ?

ባንግላዴሽ የምትባል አገር አለች። የባሕር ዳርቻዋ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው። ነዋሪው እንደ እናንተ ገበሬ ነው፤ ሩዝ ያመርታል፣ ከብት ያረባል። ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ባሕሩ እየተገፋ መሬት ላይ ይወጣል።

በኅዳር 1963 ዓ.ም. አገሩ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሲባል ባሕሩ ሌሊት ወጣ። 300,000 ወይም ከዚያ በላይ ሰው አለቀ። በሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 140,000 ሰው ሞተ። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶች በዙ። ለምን? ሴቲቱ ልጆቿን ይዛ ቤት ቀረች። መጠለያው ጥቂት ነው፣ ሩቅም ነው። ሌላው ደግሞ «ላሜን ለማን ልተዋት?» ብሎ ቀረ።

ታዲያ ምን ተደረገ? ከየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ዛሬ ከ70,000 በላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ማዕበል ሲመጣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ በድምፅ ማጉያ እየተጣሩ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በአምድ ላይ የቆሙ የሲሚንቶ መጠለያዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ በደህናው ቀን ትምህርት ቤት ናቸው። ለከብቱም አፈር ተቆልሎ ከፍ ያለ ቦታ ተበጀ። በግንቦት 2012 ዓ.ም. ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2,000,000 በላይ ሰው አስቀድሞ ሸሸ። በዚያ አገር የሞተው በአሥር የሚቆጠር ነው።

እኔ የምለው ይህንን ነው። ሲሚንቶ ብቻውን ሰው አያድንም። ሴቲቱ ካልሰማች፣ ላሟ ቦታ ካላገኘች፣ መጠለያው ባዶ ቤት ነው።

ደግሞስ ነፍስ ድኖ መሬቱን ጨው ከበላው ገበሬው በምን ይኖራል? በ2001 ዓ.ም. ማዕበል የአፈሩን ግድብ ሰብሮ ጨው ውሃ እርሻ ላይ ተኛ። ብዙ ቤተሰብ ከዓመት በላይ ግድቡ አናት ላይ ኖረ። ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ የሚያረቡ ባለገንዘቦችም ግድቡን እየበሱ ጨው ውሃ አስገብተዋል፤ ጎረቤታቸው ሩዝ አጣ። ስለዚህ ግድብ ሲሠራ የሚያርሰው ይማከር። የውሃውን በር ማን ይክፈት፣ ማን ይዝጋ ሲባል ሴቶችና መሬት የሌላቸውም ድምፅ ይኑራቸው።

እናንተም በማኅበራችሁ ስለ ጎርፍ ስትመክሩ ጠይቁ። ማን ቀድሞ ይነግረናል? ከብቱ የት ይወጣል? አቅመ ደካማውን ማን ያነሣዋል? መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት። የተጻፈ አይረሳም።