መትን የቀራ ሰው ኦቴሎን አይፈራም

ዘንድሮ ከማኅበራችን አባላት መካከል እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት የመረጡ እህት ወንድሞች አሉ። ከየአቅጣጫው የሚሰሙት ግን አንድ ነው፤ «የነጭ ተረት ተምራችሁ ምን ልትሆኑ?» ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ የእኛው የኢንጂነሪንግ ልጆች ናቸውና መልሱም ከኢንጂነሪንግ ቢመጣ ይሻላል ብለናል።

የሚያሳስበን ምርጫቸው ሳይሆን ዝግጅታቸው ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ምንባብ ማለት አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ከሥሩም ጥያቄ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ምርጫ ነበር፤ ማጥቆር ብቻ። አንድ ልቦለድ ዳር እስከ ዳር ሳናነብ፣ «ደራሲው ለምን እንዲህ አለ?» ለሚል ጥያቄ አንድ አንቀጽ ሳንጽፍ ጨረስን። ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ነው።

ቢሆንም መድረሳ የዋለ ልጅ ባዶ እጁን አይደለም። ኣጁሩሚያን የቀራ ደረሳ ያስታውስ፤ ትንሽ መትን፣ በላዩ ሸርሕ፣ በዳሩ ሐሺያ። የአንዲት ቃል መጨረሻ ለምን ዶማ ሆነ፣ ለምን ፈትሓ ሆነ ሲባል ግማሽ ቀን ያልፋል። በላጋ የደረሰ ተሽቢህን ከኢስቲዓራ ይለያል፤ እንግሊዞቹ ሲሚሊና ሜታፎር የሚሏቸው ናቸው። የአል ኸሊል ኢብኑ አሕመድን ዐሩድ የቀመሰም የሼክስፒር ስንኝ በአብዛኛው አሥር ቀለም አለው ቢባል አይደነግጥም። ዓረብኛው ረጅምና አጭር ቀለም ይቆጥራል፣ እንግሊዝኛው ድምፅ የሚጫንበትንና የሚላላበትን።

ኦቴሎን እንውሰድ። ኢያጎ የሚባል የበታቹ «ሚስትህ ከድታሃለች» የሚል ወሬ ያመጣለታል። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ከእጅ ወድቆ የተገኘ መሐረብ ነው። ኦቴሎ ስመ ጥር የጦር መሪ ነው፤ ራዊውን ግን አልመረመረም። ኢስናድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ መባሉን የሰማ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ማን አለ? ከማን ሰማ? ታማኝ ነው ወይ? ከዚህ ጥሩ ድርሰት ይወጣል። (ተውኔቱን ኹጥባ እናድርገው ማለታችን አይደለም። መምህሩ ማርክ የሚሰጠው ከጽሑፉ ቃል ተነሥቶ ለተከራከረ ነው።)

«መጠጥና ዝሙት አለበት» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ስጋታቸውን አንንቅም። ሆኖም የእነ ኢምሩል ቀይስን የጃሂሊያ ግጥም ጠብቀው ያቆዩት፣ ለቁርኣን ቃላት ማስረጃ እያደረጉ የጠቀሱት ዑለሞቻችን ናቸው፤ ወይኑም ፍቅሩም እያለበት።

«የነጭ ተረት» የሚለውም ጎዶሎ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ራሴላስ ባለታሪኩ የሐበሻ ልዑል ነው። ናይጄሪያዊው ቺንዋ አቼቤ በ1958 የመጀመሪያ ልቦለዱን ያወጣው በእንግሊዝኛ ነው። የኢብኑ ጡፈይል ሐይ ኢብኑ የቅዟን ከዓረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በ1708 ታትሟል፤ ሮቢንሰን ክሩሶ ከመውጣቱ 11 ዓመት ቀድሞ። ሁለቱም ደሴት ላይ ብቻውን ስለሚኖር ሰው ናቸውና ጎን ለጎን አንብቧቸው።

ከቴሌግራም ማጠቃለያ አውርዶ መሸምደድ ግን ይቅር፤ መትኑን ጥሎ ሸርሑን እንደመቅራት ነው። ኦቴሎ አምስት ገቢር ነው። በሳምንት አንድ ገቢር፣ ጮክ ተብሎ፣ ተራ በተራ፣ እንደ ሐለቃ ተቀምጦ ቢነበብ በአምስት ሳምንት ያልቃል። ቦታ ካለ እኛም የኢንጂነሪንጎቹ ከዳር እንቀመጣለን።