ቀብድ የተከፈለበት ላሚኔት ማዕድ ቤት ይግባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፡- እኔ የ2 ልጆች እናት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱን ስንረከብ ወለሉ ሊሾ ብቻ ነበር፤ እስካሁንም በዚያው ላይ ነን። ታናሽ እህቴ ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ “ቤትሽን አሳምሪበት” ብላ ላከችልኝ። ባለቤቴም ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቱና ኪችኑ አንድ ዓይነት የእንጨት መልክ ያለው ላሚኔት እንዲሆን ፈልጎ ለ40 ካሬ ቀብድ ከፈለ። ሻጩ “ይሄ ውሃ ይችላል፣ አትስጉ” ብሎታል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። አምና ቧንቧው ተከፍቶ ተረሳና ሌሊት ውሃው ሲለቀቅ ኪችኑ ሐይቅ ሆኖ አደረ። ከሥራችን ያሉት እትዬ ኮርኒስ ላይ ወርዶ በሽማግሌ ነው የታረቅነው። ደግሞም አብረውን የሚኖሩት አማቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እንዳይንሸራተቱብኝ እሰጋለሁ። ባለቤቴ “ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታስቢው” ይለኛል። ቀብዱ ይቅር ልበል ወይስ ዝም ልበል?
ስሜ ይቆይ - ከአዲስ አበባ

መልስ፡- ውድ ጠያቂያችን፣ ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። ባለቤትዎም ቢሆኑ ክፉ አላሰቡም፤ የእንጨት መልክ ቤት ያሞቃል፣ ዓይንም ይማርካል። ችግሩ ያለው “ውሃ ይችላል” በሚለው በሻጩ ቃል ላይ ነው። የትኛው ውሃ? ለስንት ሰዓት? ይኼ ሳይጠየቅ ነው ቀብዱ የተከፈለው።

ላሚኔት ማለት ከላይ የእንጨት ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት፣ በላዩ ጠንካራ ሽፋን፣ በሆዱ ደግሞ በሙጫ ተጠቅጥቆ የተጋገረ የእንጨት ብናኝ ነው። የኤምዲኤፍ የቅርብ ዘመድ ነው ቢባል ይቀላል። ፊቱ ላይ የተደፋ ውሃ ቶሎ ከተወለወለ ምንም አይለውም። ውሃው በመገጣጠሚያው ገብቶ ሆዱን ካገኘው ግን ጠርዙ ያብጣል። አንዴ ያበጠ ላሚኔት ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ እንደ ፓርኬ አይላግ፣ አይቀባ።

እውነት ነው፣ ጠርዙ በሰም የተቀባና ሆዱ እርጥበት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ላሚኔት አለ። ካርቶኑ ላይ “ወተር ሬዚስታንት” ብሎ፣ አንዳንዱም 24 ሰዓት ብሎ ይጽፋል። ይህ ማለት የፈሰሰ ውሃን ለዚያን ያህል ጊዜ ከላይ ይችላል ማለት እንጂ ውሃ ውስጥ ቢያድር አይበላሽም ማለት አይደለም። በፈረቃ ውሃ የሚጠብቅ፣ ጀሪካንና በርሜል የሚደረደርበት ማዕድ ቤት ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ አስቸጋሪ ነው።

ሙግቱን ያለ ጠብ ለመጨረስ አንድ ፈተና አለ። ከሻጩ የዚያኑ ላሚኔት ቁራጭ ይለምኑ። ለሁለት ያስቆርጡትና ግማሹን ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ ግማሹን ደረቅ ያቆዩት። በማግሥቱ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ባለቤትዎ ራሳቸው ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሱ። ሻጩ “የተቆረጠ ጠርዝ ሰም ስለሌለው ነው” ሊል ይችላል። ልክ ነው። ግን እርስዎም ቤት ግድግዳ ሥርና ሲንክ ሥር የሚገባው ጠርዝ በሙሉ የተቆረጠ ነው።

ታዲያ የእንጨት መልክ ይቅር ማለት ነው? በፍጹም። ለማዕድ ቤት ሁለት አማራጭ አለ።

የመጀመሪያው ኤስፒሲ የሚሉት ነው። ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን እንደ ላሚኔት እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሆዱ እንጨት ስለሌለው ውሃ አያሳብጠውም። ሲገዙ ከጠቅላላ ውፍረቱ ይልቅ የላይኛውን ግልጽ ሽፋን ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ለሚመላለስበት ማዕድ ቤት 0.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል። ጠላቱ እሳት ነው። ቡና የሚፈላው በከሰል ከሆነ አንዲት ፍም ብትወድቅ ጠባሳው አይለቅም፤ የጋለ ድስትም አይቀመጥበትም። ሁለተኛም፣ እሱ አይበላሽ እንጂ ውሃው በግድግዳው ጥግ ከሥሩ ገብቶ ሊተኛ ይችላል። የተኛ ውሃ ይሸታል፣ ይሻግታል።

ሁለተኛው የእንጨት መልክ ያለው ፖርስሊን ነው። እንደ ጣውላ ረዘም ብሎ ተሠርቶ ጉጡ ሳይቀር ይታይበታል። ፖርስሊን የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ፍም ቢወድቅበት፣ ዘይት ቢፈስበት ግድ የለውም። ለአማትዎ ሲባል ግን የሚያብረቀርቀውን አይውሰዱ። ሻካራ ፊት ያለውን ይምረጡ፤ ካርቶኑ ላይ “አር 9”፣ “አር 10” እየተባለ የሚጻፍ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አያንሸራትትም። “አር 10” ደህና ነው። ጉድለቱ እግር ላይ መቀዝቀዙና የወደቀበትን ብርጭቆ አለመማሩ ነው።

የኛ ምክር ይኸው ነው። ላሚኔቱ ሳሎንና መኝታ ቤት ይግባ፣ ባለቤትዎም ደስ ይበላቸው። ማዕድ ቤቱ ለላሚኔቱ በተቀራረበ ቀለም ፖርስሊን ይሁን። በሩ ሥር መገጣጠሚያ ብረት ይደረግ፤ ሁለቱ ወለሎች ከፍና ዝቅ ብለው አማትዎን እንዳያደናቅፉ ግን ከፍታቸው አስቀድሞ ይለካ።

ቀብዱን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ “ትተነዋል” ብላችሁ አትሂዱ። “ካሬውን ቀንስልን፣ በልዩነቱ ፖርስሊን እንውሰድ” በሉት። ሻጭ ገበያው እስካልቀረበት ድረስ ለዚህ ዓይነቱ ንግግር ጆሮ አለው። የማዕድ ቤትዎ ስፋት ለምሳሌ 2.5 በ3 ሜትር ቢሆን 7.5 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ሲጨመርበት 8.25 ካሬ ይበቃል።

ሥራው ሲጀመር እነዚህን አይርሱ፡-

- መጀመሪያ ቧንቧው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሚያፈስ ነገር አለና ሳይጠገን ወለል አይነጠፍ።
- ፖርስሊን ውሃ ባይጠጣም በየመሃሉ የሚሞላው ስቱኮ ያሳልፋል። እትዬ ኮርኒስ ላይ ዳግም እንዳይወርድ ከመነጠፉ በፊት ሊሾው ላይ ውሃ የሚከላከል ቅብ ይቀባ፣ ግድግዳውም ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ።
- ረጅሙን ፖርስሊን ግማሽ በግማሽ እያፈራረቁ አያስነጥፉ፤ መሃሉ ትንሽ ስለሚጎብጥ ከንፈር ያወጣል። አንድ ሦስተኛ እያለፈ ይሂድ።
- ሳሎን የሚገባው ላሚኔት በግድግዳው ዙሪያ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል፤ ክፍተቱን ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ግድግዳ ነክቶ ከተነጠፈ መተንፈሻ ስለሚያጣ መሃሉ ይነሳል።

በመጨረሻም ለባለቤትዎ አንድ ነገር እንላለን። ጌታው፣ ባለቤትዎ ክፉ የሚያስቡ ሳይሆኑ ያ ውሃ የፈሰሰ ሌሊት ከእትዬ ጋር የተፋጠጡ፣ ጠዋት ማታም መወልወያ የሚይዙ ሰው ናቸው። ገንዘቡም እህት በሰው አገር ጎንበስ ብላ ያገኘችው ነውና ሁለት ጊዜ መነጠፍ የለበትም። ቁራጩን አብራችሁ ንከሩት፣ አብራችሁም ዳስሱት።

የምትጽፉልን ሁሉ ስማችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ “ስሜ ይቆይ” በሉ፤ እናከብራለን። ቸር እንሰንብት።