ቅርስ ያገኘ ሰው ለምን ብሎ ይናገር?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ መካከል የጥንት ቅርስ ያጋጠመው ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ሲያነቡት ያምራል፤ ችግሩ የመናገሩን ግዴታ የጫነው በመናገሩ በሚጎዳው ሰው ላይ መሆኑ ነው። ኤክስካቫተር በሰዓት ተከራይቶ፣ ሲሚንቶ አራግፎ መሠረት የሚያስቆፍር ሰው የተጠረበ ድንጋይ ብቅ ቢልበት፣ ያለው ምርጫ ሥራውን አቁሞ ከቢሮ ቢሮ መመላለስ ወይም አፈር መልሶበት ዝም ማለት ነው። ብዙው የቱን እንደሚመርጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ስለዚህ ፍተሻው ከግንባታው ይቅደም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ማሳ ላይ የመኖሪያ መንደር ልሥራ የሚል አልሚ፣ ቅርስ ይኖራል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ፈቃድ ሳያገኝ መሬቱን በራሱ ወጪ በሙከራ ቦይ እንዲያስፈትሽ ይጠየቃል። ጥርስ የሌለው ሰፊ ባልዲ የተገጠመለት ኤክስካቫተር፣ አርኪዮሎጂስት አጠገቡ ቆሞ እያየ፣ የእርሻውን አፈር በስሱ እየገፈፈ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሰፋ ረጅም ቦይ ያወጣል። የጥንት ጉድጓድ፣ ምሰሶ የቆመበት ቦታ ወይም መቃብር ከዙሪያው በተለየ የአፈር ቀለም ይለያል። ብዙውን ጊዜ የሚቆፈረው ከመሬቱ ከ2 እስከ 5 በመቶው ነው። ምንም ከሌለ ግንባታው ይቀጥላል፤ ካለም ፕላኑ ገና ወረቀት ላይ ስለሆነ ቤቶቹን ገፋ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሆነም በወጉ ቆፍሮ መመዝገብ ይቻላል።

ቤት ላጣ ሕዝብ ይህ ቅንጦት ነው፣ ደግሞስ ገጠር ውስጥ ምን አለ የሚል አይጠፋም። ከየሐ ብዙም በማይርቀው ቤተ ሳማዕቲ፣ የገበሬ ቤቶች ባሉበት ጉብታ ሥር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረ ቁፋሮ የአራተኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንና የበሬ ራስ የተቀረጸበት ባለፈርጥ የወርቅ ቀለበት ወጥቷል። ሐውልት የሌለበት ቦታ ሁሉ ባዶ አይደለም። ቦይ ሁሉን አያሳይም ለሚለው ግን መልስ የለኝም፤ ትንሽ መቃብር በሁለት ቦዮች መካከል ሊያመልጥ ይችላል፤ የማሳወቅ ግዴታውም ለዚህ ሲባል ይቆይ። በአገሩ ሁሉ እንቆፍር ብንል ባለሙያውም አይበቃንም። በአክሱምና በየሐ ዙሪያ፣ ቅርስ እንዳለባቸው በሚታወቁ ቀበሌዎች ይጀመር። ወጪውም አንድ ጎጆ በሚቀልስ ገበሬ ላይ ሳይሆን፣ መሬቱን ሸንሽኖ በሚያድለው አስተዳደር ወይም በሪል እስቴት አልሚው ላይ ይውደቅ።