መታጠፊያው ላይ ማን ያየዋል?

ከከሚሴ የመጣ ሰው ስለ ሳይክል መንገድ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። የእኛን ከተማ መሀል ለመሀል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ነው፤ ሲኖትራኩም፣ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ሳይክሉም እዚያው ይጋፋል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት አዲስ አበባ ውስጥ ለብስክሌት የተለየ መስመር ሲሠራ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ሾፌሮች «ሳይክለኛ ሕግ አያውቅም» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ ቀይ መብራት የሚጥስ፣ እግረኛ መሀል የሚሰነጥቅ ሞልቷል። ግን እስቲ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ እዩ። ሳይክለኛው በቀኝ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መኪና ፊቱን ይቆርጥበታል። ሾፌሩ ዓይኑ ከግራ የሚመጣው መኪና ላይ ነዋ! አንድ ጊዜ እንዲህ የደነገጠ ልጅ በማግስቱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቢወጣ ምን ይገርማል?

መታጠፊያው ሰፊ ከሆነ መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጠመዘዛል፤ ጠበብ ሲል ግን ሳይወድ በግዱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሚሴ መንገዷን ስታድስ ከቀለሙ በፊት መታጠፊያው ይታሰብበት እላለሁ። ባጃጆችም ተሳፋሪ ለመጫን ከጥጉ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ እነሱ እዚያ ሲደረደሩ ሳይክለኛው የሚወጣው ሲኖትራኩ ጎን ነው።