ቁጥሩ ያለ መለኪያው ምን ይነግረናል?

ሆስፒታሎቻችን ከወረቀት ካርድ ወደ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ እየተሸጋገሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ኮምፒውተር፣ መብራትና ኔትወርክ ነው። ልኬቶች በምን መልክ እንደሚቀመጡ ግን ታካሚውን በቀጥታ ይነካዋል።

የደም ግፊት «140/90» ተብሎ እንደ ጽሑፍ ከገባ ሐኪሙ ያነበዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከፍ ያለውን ለይቶ ለማስጠንቀቅ ይቸገራል። የላይኛውና የታችኛው ለየብቻ በቁጥር መግባት አለባቸው።

የደም ስኳር በሁለት መለኪያዎች ይነገራል፤ 7 ሚሊሞል በሊትር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። መለኪያው ካልተጻፈ «20» በአንዱ እጅግ ከፍተኛ፣ በሌላው ለሕይወት የሚያሰጋ ዝቅተኛ ነው። አንዱ ኢንሱሊን፣ ሌላው ግሉኮስ ያስፈልገዋል።

የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን «ከ50 በታች» ሲሆን «በታች» የሚለው ተጥሎ 50 ብቻ ከተመዘገበ ውጤቱ ተዛብቷል። ባዶ ቦታም ዜሮ ማለት አይደለም፤ አልተለካም ማለት ነው።

ኤፍኤችአይአር የተባለው ዓለም አቀፍ የጤና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ ለቁጥሩ፣ ለመለኪያውና ለ«በታች» ወይም «በላይ» ምልክቱ የተለያየ ቦታ ይሰጣል። መዝገቡ ከሞላ በኋላ ማረም ከባድ ስለሆነ፣ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሲስተሙ ሲሠራ ጀምሮ ሊጠየቁ ይገባል።

እርስዎም ውጤትዎን ሲቀበሉ ቁጥሩን ከነመለኪያውና ከተለካበት ቀን ጋር ይጠይቁ።