የግድግዳ ማስጌጥ ሙያና የገበያው ዕቅድ



የቤትን ግድግዳ በልዩ ልዩ ቀለምና ንድፍ ማስጌጥ ለዓይን ደስታን ከመስጠቱም በላይ ለኑሮ መደጐሚያ ሊሆን የሚችል መልካም ሙያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከገዛ ቤት ነው። አንዲት የቤት እመቤት የእንግዳ መቀበያ ክፍሏን በገዛ እጇ አስጊጣ ጎረቤት ባየላት ጊዜ፥ «ለእኛም ሥሪልን» የሚል ልመና ይመጣል። ከዚህ በኋላ ከቀለሙ ይልቅ የሚያስቸግረው የገበያው ነገር ነው። «ብዙ ደንበኛ ባገኝ» ማለት ምኞት ነው እንጂ ዕቅድ አይደለም። በምኞት ብቻ ተነሣሥቶ ቀለም የሚገዛ ሰው የልጆቹን የትምህርት ቤት ገንዘብ በቆርቆሮ ውስጥ አድርቆ ያስቀራልና።

ይህ ሙያ ከቤት ተነሥቶ ሩቅ ሊደርስ እንደሚችል የደቡብ አፍሪካ የንዴቤሌ ሴቶች ምስክር ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ግድግዳን በደማቅ ቀለማትና በቀጥተኛ መስመሮች ማስጌጥ የሴቶች ሥራ ሆኖ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ1935 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ወይዘሮ አስቴር ማህላንጉ ሥራውን በ10 ዓመታቸው ከእናታቸውና ከአያታቸው ተማሩ፤ የሚቀቡትም በዶሮ ላባ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በተደረገ ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ተጋብዘው፥ በገዛ ቤታቸው አምሳል የተሠራ ቤት ቀብተው አሳዩ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቢ.ኤም.ደብሊው ለተባለው የጀርመን ኩባንያ አንድ አውቶሞቢል በዚያው ንድፍ አስጌጡ። እንግዲህ ለጀማሪ ባለሙያ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ራሱ የቤቱ ግድግዳ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ አስቀድሞ በቤት ውስጥ አንድ ክፍል ያለ ነቀፋ መሥራት ይገባል። የተላጠው አሮጌ ቀለም ይፋቅ፤ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈን፤ ከደረቀም በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ርጥበት ያለበት ግድግዳ ቀለሙን አይዝም። የመጀመሪያው ቅብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብም ድካምን ከንቱ ያደርጋል። ለጌጡ ከብራና መጻሕፍታችን የሐረግን አወራረድ አይቶ፥ በወፍራም ካርቶን ላይ ቅርጹን ቀዶ፥ በጣራው ሥር ወይም በበሩ ዙሪያ በመቀነት መልክ ማስኬድ ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ይበቃል። በብዙ ቤት ቅዱስ ሥዕል የሚሰቀለው በምሥራቁ ግድግዳ ስለ ሆነ፥ ያ ግድግዳ ጌጥ ሳይበዛበት ጸጥ ብሎ እንዲቀር የቤቱን ባለቤት አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር፥ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ስፋት 35 ካሬ ሜትር ነው። ለበርና ለመስኮት 3 ካሬ ሜትር ቢቀነስ 32 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 64 ይሆናል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በልስን ግድግዳ ላይ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፥ ከ7 እስከ 8 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የመጓጓዣው፥ የብሩሹ ማለቅና የጉልበቱ ዋጋ ይደመር። የጉልበቷን ዋጋ የማታስብ ባለሙያ ብዙ ሠርታ ጥቂት ታገኛለች። ለቀለሙ መግዣም ከደንበኛው ቀብድ መቀበል ይሻላል፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን።

የገበያ ዕቅድስ እንዴት ይወጣል? ጆርጅ ዶራን የተባለ አሜሪካዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ መልካም ዕቅድ በአምስት ነገር እንደሚታወቅ አመልክቷል። ይኸውም ተለይቶ የታወቀ፥ የሚለካ፥ ሠሪው የተወሰነ፥ ሊደረስበት የሚቻልና ጊዜው የተቈረጠ ሲሆን ነው። ይህ ሐሳብ ለትልቅ ድርጅት አለቆች የተጻፈ ቢሆንም ለአንዲት እናትና ለልጇም ይሠራል።

ምሳሌ እናድርግ። በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደረግምና፥ ከፋሲካ በኋላ ልጅ የሚድሩ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን የሚያሰናዱት በጾሙ ወራት ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሰሙነ ሕማማት ሲቀነስ ሰባት ሳምንት ይቀራል። አንድ ክፍል ሦስት ቀን ቢፈጅ በሳምንት ሁለት፥ በሰባት ሳምንት 14 ክፍል ይሠራል። ለሕመምና ለልዩ ልዩ እክል ሁለቱ ይተዉና ዕቅዱ 12 ክፍል ይሁን። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ክፍል ቢያሠራ ስድስት ቤት ያስፈልጋል። ከተጠየቁት ሦስት ቤቶች አንዱ እሺ ይላል ብንል፥ 18 ቤት መጠየቅ አለበት፤ ይህም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት በየሳምንቱ ስድስት ቤት ማለት ነው። ጥያቄውን እናቲቱ ታቅርብ፤ ሒሳቡን ልጅቱ ትያዝ። በዚህ ጊዜ ምኞት የነበረው ነገር በየቀኑ የሚታወቅ ሥራ ይሆናል።

ለእንቁጣጣሽና ለመስቀልም ቤቱን ማስጌጥ የሚሻ ብዙ ነው። ነገር ግን በነሐሴ ርጥበቱ ስለሚያይል ቀለሙ ለመድረቅ ይዘገያል። ስለዚህ ለአንድ ክፍል አራት ወይም አምስት ቀን መመደብ፥ የሚቀበሉትንም ሥራ በዚያው ልክ መቀነስ ያስፈልጋል።

ደንበኛው ሁሉ ስለ ሙያዋ ከማን እንደ ሰማ ይጠየቅና በደብተር ይጻፍ። አብዛኞቹ ከጎረቤት የሰሙ ሆነው ከተገኙ፥ ለታተመ ወረቀት ገንዘብ ማውጣት ሳያስፈልግ ያለፉትን ደንበኞች መጎብኘት ይበልጣል። የተፈጸመውን ሥራም ባለቤቱን አስፈቅዶ በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ መያዝ ይጠቅማል።

ከሁሉም በላይ ዕቅድ የሚያስፈልገው «አይሆንም» ለማለት ነው። አሥራ ሁለት ክፍል ለመሥራት ያቀደች ሴት አሥራ አምስተኛው ሲመጣላት በደስታ ብትቀበል፥ ሠርገኞች በበር ቆመው ግድግዳው ሳይደርቅ ይቀራል። የአንዲት ሙሽራ እናት ኀዘን የስድስት ቤት ምስጋናን ያጠፋል። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና፥ «ከፋሲካ በኋላ ልሥራልዎ» ብሎ በቅንነት መመለስ ደንበኛን ከማጣት ይልቅ መልካም ስምን ያተርፋል። እንግዲህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፥ ብሩሹን ከማንሣታችሁ በፊት ሜትሩንና ደብተሩን አንሡ፤ ግድግዳውንም ገበያውንም በልኩ ለኩ።