የወርኃ ጽጌ እንግዶች

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ወርኃ ጽጌ ቤተ ክርስቲያናችን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች። በዚሁ ወራት በኢየሩሳሌም ሰማይ ሌላ መንገደኛ ያልፋል። በሰሜኑ ዓለም ብርዱ ሲቃረብ ትንንሽ ዘማሪ አዕዋፍ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ። በመጸውና በጸደይ በዚህች ምድር ላይ የሚያልፉት አዕዋፍ በየጊዜው 500 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

ከጸሎተ ኪዳን በኋላ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቅጽር ስንመላለስ በዛፎቹ ላይ የምናያቸው እነዚህኑ ነው። ሌሊቱን ሲበሩ አድረው ጎሕ ሲቀድ ይወርዳሉ፤ ቀን ይለቅማሉ፣ ያርፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ አመድማ ላባ ለብሶ ጥቁር ቆብ የደፋ ነው፤ የሴቲቱ ቆብ ግን ቡናማ ነው። ሲያዩት ትናንት የመነኮሰ ይመስላል። ክብደቱ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው። አኮፋዳ አያነግትም፤ ስንቁ ከፍሬውና ከትላትሉ ያጠራቀመው የገላው ስብ ነው። ከወገኖቹ ብዙዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በሀገራችንም ይከርማሉ።

በትርጓሜ ቤት ልማድ ብናየው፣ ወፉ የመናኝ ምሳሌ ነው፤ ያለ ጎተራ ይኖራልና። አንድም የስደተኛ ምሳሌ ነው፤ በፊቱ የተዘረጋው የሲና በረሃ የእመቤታችን መንገድ ነውና፤ በእኛም ዘመን ወደዚህ ሲመጡ ብዙ ወጣቶች የቀሩበት ነውና። ለእኛ ለነዋሪዎቹ ደግሞ መልእክተኛ ይመስለናል። ከመካከላችን ሀገሩን ሳያይ ብዙ ዘመን የቆየ አለ። አንድ አረጋዊ አባት ባለ ቆቡን ወፍ ባዩ ቁጥር «ደርሰህ ሰላም በልልኝ» ይሉታል።

መንገደኛ የሚሻው ጥቂት ነው። ሌሊት በከዋክብት የሚመሩትን አዕዋፍ የኤሌክትሪክ መብራት ያሳስታቸዋል፤ የመስኮት መስታወትም ሰማይና ዛፍ መስሎ ይታያቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከእንግዳ ማረፊያው መስኮት ሥር ሁለቱን ወድቀው አገኘናቸው፤ አንደኛዋ በመዳፋችን ላይ ገና ትሞቅ ነበር። ያን ሁሉ ሀገር አቋርጣ መጥታ በእኛ ደጅ ማለቋ አሳዘነን።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ እስከ ኅዳር 5 ቀን ከጸሎተ ንዋም በኋላ የማያስፈልገውን የደጅ መብራት እናጥፋ። ከየሀገሩ የመጣችሁ ተሳላሚዎችም በክፍላችሁ መብራት ስታበሩ መጋረጃውን ዝጉልን። ድመት ከማይደርስበት ስፍራ ጎድጓዳ ባልሆነ ሳሕን ውሃ እናኑር። በመስታወት ተመትታ የወደቀች ወፍ ብታገኙ፣ አየር በሚገባበት ካርቶን ውስጥ ጨለማ አድርጋችሁ አሳርፏት፤ ስትበረታ ልቀቋት።

እመቤታችን ሕፃኗን ይዛ በተሰደደች ጊዜ የተቀበላትም ያባረራትም እንደ ነበረ አባቶች ይተርካሉ። ዘንድሮ በደጃችን ለሚያልፈው ታናሽ ስደተኛ ከተቀበሉት ወገን እንቆጠር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።